ኮዴይን ለሁሉም ሰው እኩል አይደለም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ኮዴይን ነው። «ቀላል ማስታገሻ ነው፣ ለልጅም ይሰጣል» የሚባለው ስህተት ነው፤ እንደ ሐኪም በጣም ያሳስበኛል።

ኮዴይን ራሱ ደካማ መድኃኒት ነው። ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ያለው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። የኢንዛይሙ ዘረ-መል ያለው በ22ኛው ክሮሞዞም ረጅም ክንድ ላይ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ ይወርሳል።

እኛን በቀጥታ የሚነካን ይሄ ነው፦ አንዳንድ ሰው ዘረ-መሉ በአንዱ ክሮሞዞም ላይ ተደጋግሞ ስለሚገኝ ሦስትና ከዚያ በላይ ቅጂ አለው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ላይ አግኝቷል። እንዲህ ያለ ሰው በተለመደው መጠን እንኳ ብዙ ሞርፊን በፍጥነት ያመርታል፤ ከባድ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ትንፋሹም ሊደክም ይችላል። ኢንዛይሙ የማይሠራለት ደግሞ ክኒኑን ቢውጥም ሕመሙ አይለቀውም።

1. ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ኮዴይን አትስጡ።
2. የምታጠቡ እናቶች አትውሰዱ፤ ሞርፊኑ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል።
3. ትራማዶልም የሚለወጠው በዚሁ ኢንዛይም ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። መድኃኒቱን ወስዶ ትንፋሹ የከበደው ሰው ካለ ግን መልሴን ሳትጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።