ያውቁ ኖሯል? የቪዲዮ ርዝመት ሳይጫወት ይታወቃል

አዳማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ የሦስት ሰዓት ፋይል ቢረከብ፣ ርዝመቱን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ማጫወት አይጠበቅበትም። እንደ ኤፍኤፍፕሮብ ያለ ነፃ መሣሪያ ወይም ጥቂት የኮድ መስመር መልሱን ወዲያው ያመጣል።

ምስጢሩ ፋይሉ ውስጥ ነው። ኤምፒፎር ፋይል ከምስሉና ከድምፁ ሌላ «ሙቭ» የሚባል የመረጃ ክፍል አለው። እዚያ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፦ አንድ ሰከንድ ስንት ቦታ እንደተከፈለና ቪዲዮው በጠቅላላው ስንት ክፍልፋይ እንደፈጀ። ኮዱ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍላል፤ አለቀ።

ለምሳሌ፣ ከአዳማ በስተደቡብ የምትገኘው የአሰላ ልጅ ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትርን ያሸነፈው በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ነበር። ውድድሩ ከመነሻው እስከ ማብቂያው መስመር ብቻ ተቆርጦ ቢቀመጥና ሰከንዱ በ1,000 ቢከፈል፣ ፋይሉ ላይ 1,638,200 ይጻፋል። ለ1,000 ሲካፈል 1,638.2 ሰከንድ ይሆናል።

ሌላም መንገድ አለ፤ የፍሬሞቹን፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራባቸውን ነጠላ ምስሎች፣ ጠቅላላ ብዛት በሰከንድ ለሚያልፉት ፍሬሞች ማካፈል። በሰከንድ 25 ፍሬም ቢያልፍ፣ ኃይሌ በዚያው ውድድር ሁለተኛ የወጣውን ፖል ቴርጋትን የቀደመበት 0.09 ሰከንድ ከሁለት ፍሬም እምብዛም አይበልጥም። ስልኮች ግን ብርሃን ሲያንስ የፍሬሙን ፍጥነት ሊለዋውጡ ስለሚችሉ ይህ ስሌት አንዳንዴ ያሳስታል።

ብዙ ካሜራዎች «ሙቭ»ን የሚጽፉት ቀረጻው ሲያበቃ ነው። በመሃል ባትሪ ካለቀ ምስሉ ካርዱ ላይ ተቀምጦም ፋይሉ አልከፈት ሊል ይችላል።