የዌልስ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ለዘመናችን እንዴት ደረሱ?

ሰው የቆየ የብራና መጽሐፍ ሲያይ የሚያደንቀው ብዙውን ጊዜ የጻፈውን እጅ ነው፤ የጠበቀውን እጅ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም መጽሐፍ የሚጻፈው አንድ ጊዜ ሲሆን፥ የሚጠበቀው በየትውልዱ ነው። በአንዱ ትውልድ ቸልታ የአሥሩ ትውልድ ድካም ሊጠፋ ይችላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዌልስ ሕዝብ የጥንት መጻሕፍት በየት በየት አልፈው ዛሬ ካሉበት ቤተ መጻሕፍት እንደ ደረሱ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዌልስ በታላቋ ብሪታንያ ደሴት በስተምዕራብ የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። ቋንቋዋ ከእንግሊዝኛ ፈጽሞ የተለየ፥ የኬልት ከሚባሉት ቋንቋዎች ወገን ነው። በ1282 ልዑሏ ልዌሊን በጦርነት ከሞተ በኋላ አገሪቱ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ወደቀች። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቷን የሚያኖር የራሷ ቤተ መንግሥት አልነበራትም። የጽሕፈቱ ሥራ በገዳማትና በባላባቶች ቤት ተወስኖ ኖረ። ይሁንና ከ1536 እስከ 1540 ባለው ጊዜ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማቱን ሁሉ ሲዘጋ፥ በውስጣቸው የነበሩት መጻሕፍት ተበተኑ። በዚያው በ1536 የወጣው ሕግ ደግሞ የፍርድ ቤትና የሹመት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዘ። ስለዚህ መጻሕፍቱ ቤታቸውን ባጡበት ዘመን፥ የተጻፉበት ቋንቋም የመንግሥት ክብሩን አጣ ማለት ነው።

ከእነዚህ መጻሕፍት ዋነኛው የካርማርዘን ጥቁር መጽሐፍ የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው ከሽፋኑ ቀለም ነው። በ1250 ገደማ የተጻፈ ሲሆን፥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዌልስ ቋንቋ ብቻ ተጽፈው እስከ ዛሬ ከቈዩት መጻሕፍት ሁሉ የቀደመ ነው። 54 ቅጠል ብቻ ያለው፥ ቁመቱም 17 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሊቃውንት እንደሚሉት የጻፈው አንድ ሰው ነው። ነገር ግን ፊደሉ በአንዳንዱ ገጽ ትልልቅ፥ በአንዳንዱ ገጽ ደቃቅ ነው። ከዚህ የተነሣ ጸሐፊው በአንድ ወቅት ተቀምጦ አልጨረሰውም፤ በብዙ ዓመታት ውስጥ ግጥም ባገኘ ቍጥር እየጨመረበት የሄደ ይመስላል። በውስጡ መንፈሳዊ ግጥሞች፥ የጀግኖች ውዳሴና ሙሾ፥ የጦረኞችን መቃብር አንድ በአንድ የሚጠቅስ ግጥም፥ እንዲሁም ስለ አርተር የሚናገሩ ጥንታዊ ቃላት ይገኛሉ።

ከእርሱም ቀጥሎ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተጻፈው የታሊየሲን መጽሐፍ፥ በ1350 ገደማም ሪዘርኽ ለተባለ ባላባት የተጻፈው ነጩ መጽሐፍ ይጠቀሳሉ። በነጩ መጽሐፍ ውስጥ ማቢኖጊ የተባሉት የዌልስ ተረቶች ይገኛሉ።

እነዚህን የተበተኑ መጻሕፍት በአንድ ጣራ ሥር የሰበሰበው ሮበርት ቮን ነው። ይህ ሰው በ1592 ገደማ ተወልዶ በ1667 የሞተ፥ በሰሜን ዌልስ ሄንጉርት በተባለ ቤቱ የኖረ የታሪክ ወዳጅ ነበር። የቻለውን ገዛ፤ ሊገዛው ያልቻለውንም ተውሶ ገለበጠ። በዘመኑ ጆን ጆንስ የተባለ ሌላ ገልባጭ ነበር። ጆን ጆንስ በዕዳ ተይዞ ለንደን ውስጥ ፍሊት በተባለው ወኅኒ ቤት ሳለ እንኳ ብዕሩን አልጣለም፤ የጥንቱን መጻሕፍት በጥንቃቄ ይገለብጥ ነበር። እርሱ በ1658 ከሞተ በኋላ የእጁ ሥራዎች ከቮን ስብስብ ጋር ተቀላቀሉ።

ከቮን በኋላ ስብስቡ በዘሮቹ እጅ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቈየ። በ1859 በኑዛዜ ወደ ፔኒያርዝ ቤት ጌታ ወደ ዊን ተላለፈ፤ የፔኒያርዝ ስብስብ የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ በዚህ ስም ከ500 የሚበልጡ መጻሕፍት ይቈጠራሉ። ሁሉም በዌልስ ቋንቋ የተጻፉ አይደሉም፤ ለምሳሌ የእንግሊዙ ባለቅኔ ቾሰር ከጻፋቸው የካንተርበሪ ተረቶች ቅጂዎች ከቀደሙት አንዱ በዚሁ ስብስብ ውስጥ ነው።

ሌሎች ስብስቦች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። በ1807 ሃቮድ የተባለው ታላቅ ቤት ሲቃጠል ብዙ የዌልስ መጻሕፍት አብረው ነደዱ። በ1858 ዊንስቴይ የተባለው ቤት በተቃጠለ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። የግል ቤት፥ ጌታው የቱንም ያህል መጽሐፍ ወዳድ ቢሆን፥ ከአንዲት ሻማ አደጋ የማያድን መሆኑ በዚህ ታወቀ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ተደረጉ። አንደኛው ዝርዝር ማውጣት ነው። ግዌኖግቭሪን ኢቫንስ የተባለ ሊቅ በየቤቱ ያሉትን መጻሕፍት እየመረመረ፥ ከ1898 እስከ 1910 ድረስ መግለጫቸውን በየክፍሉ አሳተመ። የት ምን እንዳለ ካልታወቀ፥ ምን እንደ ጠፋም ሊታወቅ አይችልምና ይህ ሥራ ትልቅ ነው። ሁለተኛው ሕዝባዊ ቤት መሥራት ነው። የንግሥት ቪክቶሪያ ሐኪም የነበረው ሰር ጆን ዊልያምስ የፔኒያርዝን መጻሕፍት ባለቤቶቹ ሲሞቱ እንዲረከብ በቅድሚያ ተዋውሎ ገዛ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በአበሪስትዊዝ ከተማ ቢሠራ ስብስቡን እንደሚሰጥ አስታወቀ። ካርዲፍም ለዚሁ ክብር ትወዳደር ነበር፤ ነገር ግን የመጻሕፍቱ ስጦታ ሚዛኑን ወደ አበሪስትዊዝ አደላው። ቤተ መጻሕፍቱ በ1907 በንጉሥ ቻርተር ተመሠረተ፤ የፔኒያርዝ መጻሕፍትም በ1909 ገቡ።

የመጠበቅ ሥራ ግን በዚህ አላበቃም። በ1940 ከቤተ መጻሕፍቱ በታች ባለው ዐለት ውስጥ ሙቀቱና አየሩ የሚመጠን ዋሻ ተዘጋጅቶ፥ ጦርነቱ በ1945 እስኪያበቃ ድረስ ከለንደን የመጡ ውድ መጻሕፍት ጭምር ተጠብቀውበታል። በ2012 ደግሞ በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ፥ በኪስ የሚያዝ የሕግ መጽሐፍ በለንደን ለጨረታ ቀረበ። መጽሐፉ በ950 ገደማ በሞተው በደጉ ንጉሥ በሃወል ስም የሚጠራውን የዌልስ ሕግ የያዘ ነው። ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ውስጥ ቦስተን ከተማ ብዙ ዘመን ኖሮ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ በ541,250 ፓውንድ ገዝቶ ወደ አገሩ መለሰው።

በመጨረሻ ወደ ጥቁሩ መጽሐፍ እንመለስ። በ2015 ተመራማሪዎች በዐይን የማይታይ ጨረር፥ አልትራቫዮሌት በተባለው ብርሃን፥ ገጾቹን ሲመረምሩ ተፍቀው የነበሩ የሰው ፊት ሥዕሎችና ስንኞች ብቅ አሉ። የፋቃቸው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መጽሐፉን ይዞት የነበረ ሰው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ይህ ሰው መጽሐፉን ጠልቶ አላጠፋውም፤ በኅዳጉ ላይ ሌሎች አንባቢዎች የጨመሩት አላስፈላጊ መስሎት ንጹሕ ያደረገው እንጂ። ስለዚህ ጠባቂ የሆነ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ፦ ዛሬ ጕድፍ የሚመስለን ነገ ሊቃውንት በብርሃን የሚፈልጉት ሊሆን ይችላል። ብራናው የፋቂውን ቢላዋ ታግሦ፥ አራት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፥ የተሰጠውን አደራ መልሷል።