ለሳንድዊች የሚሆን የጾም የሽምብራ ሰላጣ

የሽምብራ ሰላጣ የተቀቀለ ሽምብራ በከፊል ተጨፍልቆ፣ በሎሚ፣ በተፈጨ ሰሊጥና በጥሬ አትክልት ተለውሶ፣ ቀዝቅዞ በዳቦ መሐል የሚበላ ምግብ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የተለመደው በቱናና በእንቁላል ሳንድዊች ምትክ ነው። የእነዚያ ማያያዣ ማዮኔዝ ግን ከእንቁላል አስኳልና ከዘይት ስለሚሠራ ለጾም አይሆንም፤ ሌላ ማያያዣ ያስፈልጋል። ለኢትዮጵያ ጿሚ ምግቡ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከሽምብራ ዱቄት ተዘጋጅቶ በሎሚ፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በዘይት የሚታሸው ቡቲቻም ቀዝቅዞ ይበላል። ቡቲቻ ከዱቄቱ ሲነሳ ሰላጣው ከሙሉ ፍሬው ይነሳል።

ሽምብራ በኢትዮጵያ ክረምቱ ሲወጣ፣ በዋልካ አፈር ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚበቅል ሰብል ነው፤ ከአፍሪካ አገሮችም በምርቱ ኢትዮጵያ ቀዳሚ ናት። ትንሹ፣ ቡናማውና ቆዳው ሻካራ የሆነው ዓይነት ለሽሮና ለቆሎ ይመረጣል። ለሰላጣ የሚሻለው ትልቁና ነጣ ያለው ካቡሊ ነው፤ ቆዳው ስስ ነው። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች አረርቲና ሀብሩ የዚህ ወገን ናቸው። በቡናማውም መሥራት ይቻላል፤ መቀቀያ ጊዜው ግን ይረዝማል።

አንድ ብርጭቆ ወይም 200 ግራም ገደማ ደረቅ ሽምብራ ለአራት ሳንድዊች ይበቃል፤ ሲበስል ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ተለቅሞና ታጥቦ በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድራል። መዘፍዘፊያው ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢገባ የቆዳውን ሕዋሳት ያያያዘው ፔክቲን ስለሚላላ ፍሬው ቶሎ ይለሰልሳል። ጠዋት ያ ውሃ ተደፍቶ፣ ሽምብራው ታጥቦ በአዲስ ውሃ ይጣዳል። አሲድ የሶዳን ተቃራኒ ይሠራል፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም ቀድሞ ከገባ ፍሬው እንደደነደነ ይቀራል። ስለዚህ ሎሚ የሚጨመረው ሽምብራው በስሎ ካበቃ በኋላ ብቻ ነው።

በቆላ ከተማ በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ተኩል የሚበስለው ሽምብራ አዲስ አበባ ላይ ይቆያል፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነውና። እንፋሎቱን አምቆ የሚያበስል ድስት ይህን ችግር ያስቀራል። ፍሬው በሁለት ጣት ሲጫኑት ወዲያው ከፈረሰ በስሏል። በውጭ አገር ሆኖ ለሥራ ቦታ ምሳ የሚቋጥር ጿሚ የቆርቆሮ ሽምብራ ቢጠቀምም ሰላጣው ይሳካለታል።

ማያያዣው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጣሂኒ፣ ማለትም ልሞ የተፈጨ ሰሊጥ፣ ከአንድ ሎሚ ጭማቂ ጋር ተመትቶ ይዘጋጃል። መጀመሪያ ይጠጥራል፤ ተበላሸ ብሎ መጣል አይገባም። ሽምብራው የተቀቀለበት ውሃ በማንኪያ እየተጨመረ ሲመታ ይላላል፣ ይነጣል። ይህ ውሃ ከፍሬው የወጣ ፕሮቲንና ስታርች ስላለበት ቅባትን ከውሃ ጋር አዋሕዶ ይይዛል። ፈረንሳዊው ጆኤል ሮሴል እ.ኤ.አ. በ2014 የጥራጥሬ መቀቀያ ውሃ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚሠራ ካሳየ ወዲህ፣ እንቁላል የማይበሉ ሰዎች ለኬክና ለማዮኔዝ ሳይቀር ይጠቀሙበታል።

ለጣዕሙ ከሰናፍጭ የሚበልጥ የለም። አፍንጫ የሚሰረስረው ኃይሉ ፍሬው ተፈጭቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በኢንዛይም ሥራ የሚፈጠር ነው። ሙቅ ውሃም ሎሚም ኢንዛይሙን ስለሚያዳክሙት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ነው ከጣሂኒው ጋር የሚቀላቀለው።

የሰላጣው ዕጣ የሚወሰነው በመጨፍለቁ ላይ ነው። በብሌንደር ከተፈጨ ልሞ ሑሙስ ይሆናል፤ ጥሩ ምግብ ነው፣ ሰላጣ ግን አይደለም። ሙሉ ፍሬው ሳይነካ ከቀረም ዳቦው ሲነከስ እየተንከባለለ ይወድቃል። ከሽምብራው ሁለት ሦስተኛው ገና ለብ እንዳለ በሹካ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀው ሙሉዎቹን አቅፎ ይይዛቸዋል። ለብ ያለ ሽምብራ ጨውና ሎሚ በደንብ ይጠጣል፣ የቀዘቀዘው ግን ቅመሙ ከላዩ ይቀራል። አትክልቱ የሚገባው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፦ ደቅቆ የተከተፈ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣለት አንድ ቃሪያና በትንንሹ የተከተፈ ካሮት። ካሮቱ ጥርስ ላይ ቀጭ እንዲል አይፋቅም። ቲማቲም ውሃ ስለሚያወጣ ከሰላጣው ጋር አይደባለቅም፤ ከተፈለገ ሲበላ ለብቻው ይደረደራል።

ዳቦው ጠንከር ያለና ትንሽ የተጠበሰ ቢሆን ይመረጣል። ለጾም ሲሆን የታሸገ ዳቦ ወተት ወይም ቅቤ እንዳልገባበት ጽሑፉ ይነበባል። የሰላጣ ቅጠል ከሥር ቢነጠፍ እርጥበቱ ወደ ዳቦው አይዘልቅም። አንዱ ሳንድዊች ከሽምብራው ብቻ ወደ 10 ግራም ፕሮቲን ስለሚሰጥ፣ 55 ቀን በሚዘልቀው ዐቢይ ጾም ለምሳ የሚታመን ምግብ ነው። ሰላጣው ተከድኖ በፍሪጅ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከፍሪጅ ውጭ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። ወደ ዳቦው የሚገባውም ሊበላ ሲል ነው።