ስሙ የጠፋ መሣሪያ በሥራው ይታወቃል

በየዓመቱ መስከረም 17 ቀን የምናከብረው የመስቀል በዓል የፍለጋና የማግኘት በዓል ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው፣ ንግሥት እሌኒ በአረጋዊው ኪራኮስ ጠቋሚነትና በደመራው ጢስ መሪነት ኮረብታውን ስታስቆፍር የወጣው መስቀል አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሦስት ነበር። ሦስቱም ከአንድ ጉድጓድ የወጡ የእንጨት መስቀሎች በመሆናቸው በመልክ አልተለዩም። የጌታችን መስቀል የታወቀው በሥራው ነው፤ ድውይ ፈወሰ፣ ሙት አስነሣ። ከቅዱስ መስቀሉ ጋር የሚነጻጸር ምድራዊ ዕቃ የለም። ይሁን እንጂ ታሪኩ ለቤታችን የሚሆን ማስተዋል ይሰጠናል፤ ማንነቱ የተሰወረ ነገር የሚለየው ሥራው ሲመረመር ነው።

ኮሶበር በሚለው ስሟም በምትታወቀው በእንጅባራና በመላው የአዊ ምድር፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ ዘመን ሲለወጥና በዓል ሲቃረብ ጓዳ ይጠረጋል፤ ቆጥ ይራገፋል፤ የአያት ሣጥን ይከፈታል። አያት ቅድመ አያቱ ካህን ወይም የብራና ጸሐፊ በነበረበት ቤት ከሣጥኑ ሥር እንግዳ የሆነ ብረት ሊወጣ ይችላል፦ የተቆለመመ ቢላዋ፣ የአናጢ መጥረቢያ የሚመስል ትንሽ መፋቂያ፣ ጫፉ ላይ ክብ ወይም መስመር የተቀረጸበት አጭር ዘንግ። አንዱ «የከብት መተኮሻ ነው» ይላል፤ ሌላው «የአናጢ ዕቃ ነው» ይላል። የሚያውቀው ሲጠፋ ብረቱ ወደ ቁራሌው ከረጢት ይገባል፤ ወይም እንደገና ተቀጥቅጦ ማጭድ ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ብረት ለመለየት አስቀድሞ የብራና መጽሐፍ እንዴት እንደሚዘጋጅ ማወቅ ያስፈልጋል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ታጥቦ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራል። የቀረው ሥጋ በቢላዋ ይነሣል፤ ጠጉሩ ይወገዳል፤ ቆዳው በመፋቂያ እየሳሳ በድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል። ብራናው ከተቆረጠ በኋላ ጸሐፊው በወስፌ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይበሳል፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳም ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል። ከዚያ በኋላ በመቃ ብዕር ይጻፋል። ጽሕፈቱ ሲያበቃ ቅጠሎቹ ተሰፍተው በሁለት የእንጨት ገበታዎች መካከል ይጠረዛሉ፤ ገበታዎቹም ቆዳ ይለብሳሉ። በመጨረሻ ደጓሹ በእሳት የሞቀ ብረት በቆዳው ላይ እየተጫነ መስቀሉን፣ ሐረጉንና ክቦቹን ያትማል። ድጉስ የምንለው ይህ ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሥራ በመሣሪያው ላይ ምልክቱን ይተዋል፤ መሣሪያውም በሥራው ላይ ምልክቱን ይተዋል። የአናጢ መጥረቢያ ስለቱ በእንጨት አንጓ እየተመታ ይሸራረፋል። የብራና መፋቂያ ግን አንዲት ጉድፍ እንኳ ብትኖርበት የተወጠረውን ቆዳ ትቀዳለችና፣ ባለቤቱ ስለቱን ለስላሳ አድርጎ ይጠብቀዋል። እናቶቻችን ሰፌድና መሶብ የሚሰፉበት ወስፌ ከጸሐፊው ወስፌ ጋር በመልክ ሊመሳሰል ይችላል። ይሁን እንጂ ከብዕር ቀለም ቀንድና ከብራና ቁራጭ ጋር በአንድ ከረጢት የተገኘ ወስፌ የየትኛው ሙያ እንደሆነ ጓደኞቹ ይመሰክሩለታል። በመሆኑም ከአንድ ሣጥን የወጡ ዕቃዎችን መበታተን ምስክሩን ከምስክር ወንበር ማባረር ነው።

የድጉስ ብረት መታወቂያ ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ነው። በብረቱ ጫፍ ያለው ቅርጽ በመጽሐፉ ልባስ ላይ ካለው ኅትመት ጋር ይነጻጸራል። ክቡ በስፋት ከገጠመ፣ የመስመሮቹም ቁጥር እኩል ከሆነ፣ ብረቱ ለዚህ ዓይነት ሥራ እንደተሠራ ይታወቃል። ከጥርሶቹ አንዱ የጎደለ ብረት ቢሆንና ያው ጉድለት በልባሱ ላይ ቢታይ ደግሞ፣ መጽሐፉን የደጎሰው ያ ብረት ራሱ መሆኑን ለማመን የሚያበቃ ጠንካራ ምልክት ተገኘ ማለት ነው። በአውሮፓም የጥንታዊ ጥራዝ ተመራማሪዎች ተለያይተው የሚኖሩ መጻሕፍት ከአንድ ደጓሽ እጅ የወጡ መሆናቸውን የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው። ስለዚህ ዛሬ እንደ ቆሻሻ የሚቆጠረው ብረት፣ የሠሪው ስም ያልተጻፈበትን መጽሐፍ ከትውልድ ስፍራው ጋር የሚያገናኝ ሰነድ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የመሣሪያዎቹ ስም ስለምን ጠፋ? አንዱ ምክንያት የማተሚያ መኪና መስፋፋት ነው፤ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ባሉት ዘመናት የታተመ መጽሐፍ የብራናውን ቦታ እየወረሰ መጥቷል። ሌላው ምክንያት ግን የራሳችን ነው። ብረቱን የቀጠቀጠው ጠይብ እየተባለ፣ በብረቱ የተጠቀመው ጸሐፊም ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲታረም ማወጃቸው ነቀፌታው ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያስረዳል። የተናቀ ሰው መሣሪያውን ለልጁ ቢያወርስም ልጁ ስሙን በኩራት አይጠራውም።

ጽሑፉ ራሱ የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተዋል። ፊልሙ ቃሉን ጠብቋል፤ የደጓሹን ብረት ግን አላነሣም። ስለ ሙያው ከጻፉት መካከል የታሪክ ሊቁ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ አዘገጃጀት በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ ይጠቀሳል። ጆን ሜለርስና አን ፓርሰንስም በደቡብ ጎንደር ገጠር የሚሠሩ ጸሐፍትን ተመልክተው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። በየቤቱ ሣጥን ያለውን መዝግቦ ማቆየት ግን የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ በዓል እንግዳ ብረት ከሣጥን ቢወጣ ለመለየት ሲባል በአሸዋ ወረቀት አይፈተግ፤ አይሳል፤ በእሳትም አይሞከር። ዝገቱን እንፍቅ ስንል የስለቱን ምስክርነት እንፍቃለንና። ከማስመሪያ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ ፎቶግራፍ ይነሣ። የማን እንደነበረ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ በወረቀት ይጻፍ። ከዚያም ወደ ደብሩ አለቃና ወደ አካባቢው አረጋውያን ይወሰድ። በአዊ ምድር ጥያቄው በአማርኛ ብቻ ቀርቦ መልስ ቢያጣ በአገውኛም ይጠየቅ፤ በአንዱ ቋንቋ የተረሳ ስም በሌላው ሊኖር ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ታሪካዊና ባህላዊ ዋጋ ያለውን የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት በቅርስነት ያውቃልና፣ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅም ተገቢ ነው።

መስቀሉ የተቀበረበትን ስፍራ ለንግሥቲቱ የጠቆመ ሽማግሌ ነበር። ያ አረጋዊ ሳይጠየቅ ቢሞት ኖሮ ፍለጋው ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ መጽሐፍ ደጉሰው ያረጁ አባቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ብረቱ ዝጎም ቢሆን ዘመን ይሻገራል፤ የሥራውን ነገር የሚያውቁት ግን በዕድሜ ገደብ ያሉ ናቸውና፣ የደመራው ዕለት ከአጠገባችን ሲቀመጡ ብረቱን በእጃቸው እናኑርላቸው። እጃቸው ሥራውን ሳያስታውስ አይቀርም።

መልካም የመስቀል በዓል።