ከሚሊዮን መጻሕፍት መካከል በሃያ ጥያቄ
ቤተ መጻሕፍትና የባለሙያው ጥበብ

አንድ ሚሊዮን መጻሕፍት ወደሚገኙበት ሕንፃ ገባችሁ እንበል። የምትፈልጉት ግን አንዱን ብቻ ነው። መጻሕፍቱ ያለ አንዳች ቅደም ተከተል እንደ ማገዶ የተከመሩ ቢሆኑና እያንዳንዱን አንሥቶ ርእሱን ለማንበብ 10 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ ተፈላጊው መጽሐፍ የሚገኘው በአማካይ የክምሩ ግማሽ ከታየ በኋላ ነው። ይህም 500,000 መጻሕፍትን ማገላበጥ፣ በጊዜ ሲሰላ ደግሞ 5,000,000 ሴኮንድ ወይም ያለ እንቅልፍና ያለ ምግብ 58 ቀናት ገደማ ይሆናል።

አሁን ደግሞ እነዚሁ መጻሕፍት በርእሳቸው የፊደል ተራ ተደርድረዋል እንበል። በመካከል ያለውን መጽሐፍ እንመለከትና «የምንፈልገው ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለን እንጠይቃለን። በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ግማሽ ሚሊዮን መጻሕፍት ከፍለጋው ይወጣሉ። በቀረው ግማሽ ላይ ይህንኑ ብንደግም 250,000 ይቀራሉ፤ ቀጥሎ 125,000። ሁለት በራሱ ሃያ ጊዜ ሲባዛ 1,048,576 ስለሚሆን፣ ከ20 በማይበልጡ ጥያቄዎች ከመጽሐፋችን እንደርሳለን። ጊዜውም 200 ሴኮንድ፣ ማለትም ከሦስት ደቂቃ ጥቂት ከፍ ያለ ነው።

በሁለቱ ሁኔታዎች የመጻሕፍቱ ብዛትም ሆነ ይዘት አልተለወጠም። የተለወጠው ሥርዓታቸው ብቻ ነው። ቤተ መጻሕፍትን ከመጻሕፍት መጋዘን የሚለየው ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሥርዓት በምን ላይ እንደቆመ፣ ሥርዓቱን የሚጠብቀው ባለሙያ ምን ዓይነት ችሎታ እንደሚያስፈልገው፣ በመጨረሻም ጉዳዩ እኛን የሳይንስ ተማሪዎችንና መምህራንን ለምን እንደሚመለከት እናያለን።

ሥርዓት እንደ መረጃ

እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው የሒሳብና የምሕንድስና ሊቅ ክሎድ ሻነን መረጃ እንደ ክብደትና እንደ ርዝመት ሊለካ የሚችል ነገር መሆኑን አሳየ። የመለኪያው አሐድ ቢት ይባላል። እኩል ዕድል ካላቸው ሁለት አማራጮች አንዱን የሚለይ የ«አዎ» ወይም የ«አይደለም» መልስ አንድ ቢት መረጃ ይሰጣል። በመሆኑም ከሚሊዮን መጻሕፍት አንዱን ነጥሎ ለማመልከት 20 ቢት ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በመጽሐፉ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው የመለያ ቁጥር ይህን መረጃ የተሸከመ ምልክት ነው። አንድ መጽሐፍ ከተነበበ በኋላ በስሕተት ሌላ መደርደሪያ ላይ ቢመለስ ወረቀቱ አልተቀደደም፣ ቀለሙም አልደበዘዘም፤ ነገር ግን ቁጥሩ የሚያመለክተው ቦታ ባዶ ስለሆነ ፈላጊው ወደ 58ቱ ቀናት ተመልሷል። ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ከጠፋ መጽሐፍ የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው። በቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛ ሕግ የተማርነው ዝንባሌ፣ ማለትም ነገሮች ካልተጠበቁ ወደ ዝብርቅርቅነት ማምራታቸው፣ ለመደርደሪያዎችም ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ዘወትር ማለዳ መጻሕፍትን ወደየቦታቸው የሚመልሰው ሠራተኛ ይህን ዝንባሌ በጉልበቱ የሚመክት ሰው ነው።

አሥሩ ክፍሎች

በፊደል ተራ መደርደር ርእሱን ለሚያውቅ ሰው ይበቃል። ርእሱን የማያውቅ፣ ነገር ግን ስለ አንድ ጉዳይ መማር የሚፈልግ ተማሪስ? እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ ይህን ለመፍታት ዕውቀትን ሁሉ በአሥር ክፍሎች መደበ። እያንዳንዱ ክፍል ወደ አሥር፣ አሥሩም እንደገና ወደ አሥር ይከፈላሉ። በዚህ አሠራር 500 የተፈጥሮ ሳይንስና ሒሳብ ነው፤ ከእርሱም ውስጥ 510 ሒሳብ፣ 520 ሥነ ፈለክ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ ይሆናሉ። ወደ ፊዚክስ ጠለቅ ስንል 534 ድምፅ፣ 535 ብርሃን፣ 536 ሙቀት፣ 537 ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ተማሪው የአንድ መጽሐፍ ቁጥር ይዞ ወደ መደርደሪያው ቢሄድ፣ ከግራና ከቀኝ ስሙን ሰምቶ የማያውቀው፣ ነገር ግን በዚያው ጉዳይ የተጻፈ ሌላ መጽሐፍ ያገኛል።

ሆኖም አሠራሩ እንከን አለው። አንድ መጽሐፍ ሊቀመጥ የሚችለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አንድ ጉዳይ ግን ብዙ ፊት አለው። ስለ ፀሐይ ኃይል የሚያጠና ተማሪ የፀሐይን ምንነት በ523.7፣ ከፀሐይ ኃይል የማመንጨቱን ምሕንድስና በ621.47፣ የኢኮኖሚውን ጉዳይ ደግሞ በ333.79 አካባቢ ያገኛል። ሦስቱ መደርደሪያዎች በተለያዩ ክፍሎች፣ ምናልባትም በተለያዩ ፎቆች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን የማያውቅ ተማሪ ከሦስቱ አንዱን አይቶ «መጽሐፍ የለም» ብሎ ይመለሳል።

የሒሳብ መምህሩ

ይህን ችግር በጥልቀት ካሰቡበት ሰዎች መካከል ሕንዳዊው ራንጋናታን ይጠቀሳል። ራንጋናታን የሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ሥራው አሰልችቶት ወደ ማስተማር ለመመለስ ፈልጎ እንደነበር ይነገራል። ለሥልጠና ወደ ለንደን ተልኮ የእንግሊዝን ቤተ መጻሕፍት እየተዘዋወረ ከተመለከተ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው የአመዳደብ ዘዴ አንድን ጉዳይ በአንድ ሣጥን ከመክተት ይልቅ፣ ቬክተርን በክፍሎቹ እንደምንገልጸው ሁሉ፣ ጉዳዩን በተለያዩ ገጽታዎቹ ከፍሎ ከእነዚያው መልሶ የመገጣጠምን መንገድ አሳየ። ዛሬ በኮምፒውተር ካታሎግ ላይ ርእስን፣ ቋንቋን፣ ዘመንንና ቦታን ለየብቻ እየመረጥን ፍለጋችንን ስናጠብ የምንሠራው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ ራንጋናታን የቤተ መጻሕፍትን ሥራ በአምስት ሕጎች ጠቅልሎ ነበር። ፍሬ ሐሳባቸው ባጭሩ መጻሕፍት የሚሰበሰቡት እንዲነበቡ መሆኑ፤ ለማንኛውም አንባቢ የሚስማማው መጽሐፍ፣ ለማንኛውም መጽሐፍ ደግሞ የሚፈልገው አንባቢ መኖሩ፤ የአንባቢው ጊዜ መባከን የሌለበት መሆኑ፤ ቤተ መጻሕፍቱም እንደ ሕያው ነገር የሚያድግ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ ለማንም ግልጽ ይመስላል። እኛ ግን በተማርንበት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጻሕፍቱ በመስተዋት ቁም ሣጥን ተቆልፈው ነበር። የመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊ በዓመቱ መጨረሻ ርክክብ ሲያደርጉ የጎደለ መጽሐፍ ቢኖር ከደመወዛቸው ይቆረጥባቸው ነበርና፣ ማንም ምንም ያልተዋሰበት ዓመት ለእሳቸው የተሳካ ዓመት ነበር። እኛ ተማሪዎቹም በዚያ አዳራሽ የየራሳችንን ደብተር ይዘን ስናጠና ውለን እንወጣ ነበር። ጸጥታውና ብርሃኑ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ከመስተዋቱ በስተጀርባ የነበረውን ነገር አራት ዓመት ሙሉ አላወቅነውም። ጥፋቱን በእኒያ ሰው ላይ ማሳረፍ ተገቢ አይሆንም። ሥራቸው የተለካው በተነበበው መጽሐፍ ሳይሆን ባልጠፋው መጽሐፍ ስለነበረ ያደረጉት ሥርዓቱ የጠየቃቸውን ነው።

ጥያቄን ማጥራት

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከሚያስፈልጉት ችሎታዎች ዋናው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «መጻሕፍትን ማወቅ» ይላል። እኛ በተሞክሯችን የተረዳነው ግን መጠየቅን ማወቅ እንደሚበልጥ ነው።

በውጭ ሀገር የዶክትሬት ትምህርታችንን ስንከታተል የመለኪያ መሣሪያችን ንባብ ቀስ በቀስ እየዋዠቀ አንድ ወር ያህል አስቸገረን። በፊዚክስ ጆርናሎች ውስጥ በምናውቀው ስያሜ ፈልገን የሚረባ ነገር አላገኘንም። በመጨረሻ ፊዚክስን በዲግሪ ደረጃ ያልተማሩ አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ዘንድ ሄድን። ባለሙያዋ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጠየቁን፤ የምትለኩት ምንድን ነው? ችግሩ በዝግታ ስትለኩ ይብሳል ወይስ በፍጥነት? ከእናንተ ሌላ ይህ ነገር የሚያስቸግረው ማን ነው? እርሱስ ምን ብሎ ይጠራዋል? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች እንደሚሆኑ ተገነዘብን። ከሰዓት በኋላውን ሳናጋምስ ሁካታው «ፍሊከር» በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ፣ በመጀመሪያ በሬዲዮ ቫልቮች ላይ፣ ሲጠና የኖረ መሆኑን የሚያሳዩ ጽሑፎች በእጃችን ገቡ። አንድ ወር የባከነው መልሱ ስላልነበረ ሳይሆን ጥያቄያችን በሌላ መስክ ስም ስላልተጠየቀ ነው።

«ስለ ብርሃን መጽሐፍ እፈልጋለሁ» የሚል ተማሪም እንዲሁ ነው። ለፈተና ነው ወይስ ለጥናት? በየትኛው ደረጃ? ስለ መነጽርና መስተዋት ነው ወይስ ስለ ኳንተም? እያንዳንዱ መልስ የአማራጮቹን ብዛት ይቀንሳል፤ በሻነን አነጋገር ቢት ይጨምራል። ጥሩ ባለሙያ በጥቂት ጥያቄዎች ብዙ ቢት መሰብሰብ የሚችል ሰው ነው።

ብዛትና ጥራት

ሁለተኛው ችሎታ የፍለጋን ውጤት መመዘን ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ በቤተ መጻሕፍቱ 80 ጠቃሚ ጽሑፎች አሉ እንበል። ፍለጋችን 200 ጽሑፎችን አመጣ፤ ከእነዚህ ጠቃሚዎቹ 40 ናቸው። ካገኘነው ውስጥ የሚጠቅመው 20 በመቶ፣ ማግኘት ከነበረብን ውስጥ ያገኘነው ደግሞ 50 በመቶ ነው። ብዙ ቃላትን በ«ወይም» ብናያይዝ ሁለተኛው ቁጥር ያድጋል፣ የመጀመሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ቃላቱን በ«እና» ብናጠብቃቸው ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ ጥናት የሚጀምር ሰው ምንም እንዳያመልጠው ሁለተኛውን፣ ለነገ ትምህርት የሚዘጋጅ ደግሞ የመጀመሪያውን ማስቀደም አለበት።

ሌላው መንገድ የጥቅስን ፈለግ መከተል ነው። ኬሚስትሪንና የቤተ መጻሕፍት ሳይንስን ያጠናው ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 አንድን የምርምር ጽሑፍ ከእርሱ በኋላ እነማን እንደጠቀሱት የሚያሳይ ማውጫ እንዲዘጋጅ ሐሳብ አቀረበ፤ ማውጫውም በ1960ዎቹ መታተም ጀመረ። በጽሑፉ መጨረሻ ያለው ዝርዝር ወደ ኋላ ሲወስደን ይህ ማውጫ ወደ ፊት ይወስደናል። ጉግልን የመሠረቱት ተማሪዎችም በ1998 ድረ ገጾችን ደረጃ ለመስጠት የተጠቀሙበት ስሌት ከዚህ የጥቅስ አስተሳሰብ የተቀዳ ነው።

ከሀገራችን አንድ ምሳሌ

ካታሎግ ማዘጋጀት ተራ የጽሕፈት ሥራ የሚመስላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በየገዳማቱና በየአብያተ ክርስቲያናቱ እየተዘዋወሩ በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተቀረጹ። ነገር ግን ፊልሙ ብቻውን ክምር ነው። በአንድ ጥራዝ ውስጥ በርካታ ድርሳናት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ የተጻፉበት ዘመን አልሰፈረባቸውም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጠው እነዚህን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ፣ ይዘታቸውን እየለዩ፣ ከፊደሉ አጣጣል ዘመናቸውን እየገመቱ ካታሎጉን በተከታታይ ጥራዞች ለማዘጋጀት ረጅም ዘመን ደክመዋል። ዛሬ በየትም ሀገር ያለ ተመራማሪ የሚፈልገውን ድርሰት በቁጥር ጠርቶ ማግኘት የቻለው በዚህ ድካም ነው። ይህን ሥራ ለመሥራት የግእዝ ሊቅነት፣ የታሪክ ዕውቀትና የማይሰለች ትዕግሥት በአንድነት አስፈልገዋል።

ከኢንተርኔት በኋላ

«ሁሉ ነገር በስልክ በሚገኝበት ዘመን ቤተ መጻሕፍት ለምን?» የሚል ጥያቄ ዘወትር እንሰማለን። እርግጥ ነው፣ የፊዚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በፖል ጊንስፓርግ በተመሠረተው አርካይቭ ጽሑፎቻቸውን በነፃ ይለዋወጣሉ። ከ2002 ጀምሮም በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት የሚሠራው ሂናሪ አነስተኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ያሉ ተቋማት የጤና ጆርናሎችን በነፃ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ እንዲያገኙ አድርጓል። ይሁን እንጂ ክምሩ ከሚሊዮን ወደ ቢሊዮን ሲያድግ የሥርዓት አስፈላጊነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቷል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ሲጠየቁ አንዳንድ ጊዜ ፈጽሞ ያልተጻፉ ጽሑፎችን ከደራሲ ስም፣ ከጆርናልና ከዓመት ጋር አሳምረው ያቀርባሉ። በክምር ውስጥ መፈለግ አንድ ነገር ነው፤ በክምሩ ውስጥ የሌለውን መፈለግ ግን ማለቂያ የለውም። ስለሆነም የዛሬው ባለሙያ ምንጭን የማጣራት ችሎታ ያስፈልገዋል፤ ጆርናሉ አለ ወይ? ጽሑፉ በተባለው ጥራዝና ገጽ ይገኛል ወይ? ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ግምገማ የሚያትም ድርጅት ውጤት አይደለም ወይ? ይህን ለተማሪዎች ማስተማርም ከመጽሐፍ ማዋስ የማያንስ ተግባሩ ነው።

ማጠቃለያ

በ1936 ዓ.ም. በተመሠረተው ወመዘክርም ሆነ በ2014 ዓ.ም. በተከፈተው አብርሆት፣ ወይም በየትምህርት ቤታችን ባለችው አንዲት ክፍል፣ ሕንፃውና መጻሕፍቱ የሥራው ግማሽ ናቸው። ሌላው ግማሽ ሥርዓቱንና ጥያቄውን የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ሥራ ሌላ ቦታ ለታጣለት ሠራተኛ የሚመደብ ማረፊያ አድርገን የምናይ ከሆነ፣ በብዙ ገንዘብ የገዛነውን መጽሐፍ በገዛ እጃችን ወደ ክምርነት እንመልሰዋለን።

እናንተ ተማሪዎችም በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ደብተራችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን ሞክሩ። የምትማሩትን ትምህርት የመለያ ቁጥር ፈልጋችሁ በዚያ መደርደሪያ ፊት አሥር ደቂቃ ቁሙ። አንድ መጽሐፍ አውጥታችሁ በመጨረሻው ገጽ ከተጠቀሱት አንዱን ፈልጉ። ካላገኛችሁት ደግሞ ወደ ባለሙያው ቀርባችሁ ጠይቁ። ያነሣችሁትን መጽሐፍም ወደ ቦታው መልሱ፤ ቦታውን ካላስታወሳችሁ በጠረጴዛው ላይ ተዉት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ፈላጊ 58 ቀናት የሉትም።