ቡናው ሳይቆላ አይወቀጥም፦ ስለ ኮምፖዚት ፈንክሽን ጥቂት

በባህር ማዶ ልጅ የምናሳድግ ብዙዎቻችን፣ ልጃችን የአልጀብራ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ «ይሄን ከተውኩት ቆየሁ፣ አስተማሪህን ጠይቅ» ብለን እንሸኘዋለን። ልጁም ቀስ በቀስ መጠየቁን ይተዋል። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው በአልጀብራ ሁለት የሚመጣው ኮምፖዚት ፈንክሽን እንዲህ ከምንሸሻቸው አንዱ ነው። የሚያስፈራው ግን ስሙ እንጂ ሥራው አይደለም፤ አገር ቤት ገንዘብ የላከ ሁሉ ያውቀዋል።

ፈንክሽን ማለት አንድ ቁጥር ተቀብሎ በተወሰነ ደንብ ሌላ ቁጥር የሚመልስ ነው። የአንዱ ውጤት ለሌላው መነሻ ሲሆን ኮምፖዚት ይባላል። ለስሌት እንዲቀል፣ ገንዘብ አስተላላፊው ከምንሰጠው ላይ 5 ዶላር ለአገልግሎቱ ቀንሶ፣ ቀሪውን እያንዳንዱን ዶላር በ100 ብር ይመነዝራል እንበል። የምንሰጠው ዶላር «ሰ»፣ መቀነሱ «ቀ»፣ ምንዛሪው «ም» ቢባል፦

ቀ(ሰ) = ሰ − 5
ም(ሰ) = 100ሰ
ም(ቀ(ሰ)) = 100(ሰ − 5) = 100ሰ − 500

ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥስ? ቀ(ም(ሰ)) = 100ሰ − 5 ይሆናል። አሁን የተቀነሰው 5 ብር እንጂ 5 ዶላር አይደለም፤ ልዩነቱ 495 ብር ነው።

ተማሪዎች በብዛት የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ም(ቀ(ሰ)) ሲጻፍ «ም» ይቀድማል፣ ሲሠራ ግን ከውስጥ ያለው «ቀ» ይቀድማል። አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዘናል፦ «ቡናውን ቆልቶ ወቀጠው» ስንል ቃላቱ የሚሰለፉት እንደ ሥራው ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ለልጅዎ «ሰ ላይ 5 ቀንሶ በ100 አባዛው» ብለው ያንብቡለት።

አሁን ወደ ኋላ እንሥራ። እናት ለሕክምና 30,000 ብር ያስፈልጋቸዋል። 30,000ን ለ100 አካፍሎ 300 ዶላር ብቻ የሰጠ ልጅ፣ እናቱ እጅ የሚገባው 29,500 ብር ነው። ትክክለኛው ስሌት 100(ሰ − 5) = 30,000 ነው። መጨረሻ የተሠራው መጀመሪያ ይፈታል፤ ካልሲ ከጫማ በፊት ይጠለቃል፣ ሲወልቅ ግን ጫማው ይቀድማል። ለ100 ስናካፍል ሰ − 5 = 300፤ 5 ስንደምር ሰ = 305 ዶላር።

ከበድ ያለውም የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው። ደ(ሰ) = ሰ + 3፣ ካ(ሰ) = ሰ² ቢሆኑና ካ(ደ(ሰ)) = 49 ቢባል፣ (ሰ + 3)² = 49 ይሆናል እንጂ ሰ² + 3 = 49 አይደለም። በመጀመሪያ ካሬውን እንፍታ፦ ሰ + 3 ወይ 7 ነው ወይ −7። ስለዚህ ሰ = 4 ወይም ሰ = −10። −7ን የረሳ ተማሪ ግማሹን መልስ ብቻ ይዞ ይቀራል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ደብተሩ ሲመጣ ወንበር ሳቡና ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡ።