ያረጀ የካምቢዮ ዘይት መለወጥ ይገባልን?

በመኪና ባለቤቶች ዘንድ ሲነገር የኖረ አንድ አባባል አለ። ይኸውም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ ከቆየ አይነካ፣ ከተለወጠ ካምቢዮው ይሞታል የሚል ነው። አባባሉ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ ዘይቱን አስለውጦ በሳምንቱ መኪናው አልሄድ ያለው ሰው አይታጣምና። ነገር ግን ካምቢዮውን የገደለው አዲሱ ዘይት ነውን? ይህን ለማወቅ አስቀድሞ የዘይቱን ሥራ መመርመር ያስፈልጋል።

የሞተር ዘይት ዋና ተግባሩ ማለስለስና ማቀዝቀዝ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግን ከዚህ ያለፈ ሥራ አለበት። በፓምፕ እየተገፋ ማርሽ የሚያስለውጠው፣ የሞተሩንም ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው እርሱ ነው። ደግሞም ሸራ የተለበጡ ስስ ሳህኖች በዘይቱ ውስጥ እንደ ተነከሩ ከብረት ሳህኖች ጋር ይያያዛሉ፤ ይላቀቃሉም። ስለዚህ ዘይቱ ጥርሶቹን ማለስለስ፣ ሸራውን ግን ማስያዝ አለበት። ሁለቱ ፍላጎቶች የሚጋጩ በመሆናቸው ቅመማው ቀላል አልነበረም። በአሜሪካ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ለዚሁ ጉዳይ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመርበት ነበር፤ በሕግ ሲከለከል ኬሚስቶች ሌላ ቅመም ለመፈለግ ተገደዱ።

ዘይቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረጀው ሙቀት ነው። በደኅና ጊዜ ሙቀቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዘይቱ የሚበላሽበት ፍጥነት በእጥፍ ያህል እንደሚያድግ ይገመታል። ጭነት ይዞ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር የሚወጣ፣ ወይም በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ቆም ሄድ ሲል የሚውል መኪና ዘይቱ ቶሎ ያረጃል። አብዛኛውን ጊዜ ቀይ የነበረው ዘይት መጀመሪያ ይቡናማል፤ በመጨረሻም ይጠቁርና የተቃጠለ ነገር ይሸታል።

እንግዲህ ሸራው ተበልቶ ባለቀ ካምቢዮ ውስጥ የሸራው ብናኝ በአሮጌው ዘይት ላይ ስለሚንሳፈፍ ሳህኖቹ እንዳይንሸራተቱ ጥቂት ይረዳል ይባላል። አዲስ ዘይት ሲገባ ይህ ብናኝ ይወገዳል፤ ለብዙ ዓመት የተጋገረውም ቆሻሻ ተነሥቶ ጠባብ የዘይት መንገዶችን ሊዘጋ ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን ብዙው ሰው ዘይት ለማስለወጥ የሚነሣው ካምቢዮው ማንሸራተት ከጀመረ በኋላ መሆኑ ሊታሰብ ይገባል። ነፍሱ ልትወጣ የደረሰችን በሽተኛ ሐኪም ቤት አድርሶ፣ ሲሞት ሐኪሙን እንደ መክሰስ ያለ ነገር ነው።

በአገራችን ከሚሽከረከሩት የቤት መኪናዎች ብዙዎቹ በውጭ አገር ሲነዱ ቆይተው የመጡ ስለ ሆኑ፣ ዘይታቸው መቼ እንደ ተለወጠ የሚያውቅ የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉትን ጠብቆ ማኖር ግድ ሆኗል። እንዲህ ያለው መኪና ማርሹን በደንብ የሚለውጥ ከሆነና ዘይቱ ቢቡናማም የመቃጠል ሽታ ከሌለው ማስለወጡ ይበጃል። ነገር ግን በመሣሪያ ግፊት ማጠብ ሳይሆን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መለወጥ ይሻላል። ካምቢዮው 7 ሊትር ቢይዝና በአንድ ጊዜ 3 ሊትር ቢፈስ፣ 4 ሊትር አሮጌ ዘይት ይቀራል፤ ከሁለተኛው ለውጥ በኋላ 2.3፣ ከሦስተኛው በኋላ 1.3 ሊትር ያህል ይሆናል። ፊልትሮ ካለውም አብሮ ይለወጣል። ከሥር ባለው ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር ቢገኝ አያስደነግጥም፤ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን ጉዳዩ ከዘይት አልፏል።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ ከሆነ በመጀመሪያ የዘይቱን መጠን ማየት ያስፈልጋል፤ ጎድሎ ከሆነ መሙላቱና የሚፈስበትን መፈለጉ ሊበቃ ይችላል። መጠኑ ልክ ሆኖ ዘይቱ የተቃጠለ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለዘይት ከማውጣት ካምቢዮውን ለማስፈታት ማቆየት ይሻላል።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ዘይቱ ለመኪናው ዕድሜ ልክ ይበቃል ይላሉ። የካምቢዮ ሠሪው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲለወጥ ይመክራል። በእጅ የሚለወጥ ካምቢዮ ያለው ሰው በበኩሉ ይህ ሁሉ ሥጋት አይነካውም፤ የፍሪሲዮኑ ሸራ ከዘይቱ ውጭ ስለሆነ አሮጌውን አፍስሶ አዲሱን መሙላት ብቻ ነው።